የድሮ ሮክ የሚወዱ የጅማ ልጆች ማንን በደሉ?

ሰሞኑን ከአንዱ የቴሌግራም ግሩፕ ወደ ሌላው ሲሻገር የሰነበተ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው የከተማችን ሰው ናቸው፤ አማርኛቸው ያማረ ነው፤ ንዴታቸውም የምር ነው። ያናደዷቸው በጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ አቅራቢያ ባለ አንድ ካፌ ቅዳሜ ማታ እየተሰበሰቡ የሌድ ዜፕሊንን፣ የዲፕ ፐርፕልን፣ የፒንክ ፍሎይድን የድሮ ኮንሰርቶች በትልቅ ስክሪን የሚያዩ ልጆች ናቸው። እኔም ከተመልካቾቹ አንዱ ነኝ። «ልጆች» ለመባል ዕድሜዬ ስላለፈ ስድቡ ግማሹ አይመለከተኝም፤ ለቀረው ግማሽ ግን መልስ አለኝ።

ክሱን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ሙዚቃው የፈረንጅ ነው፣ ለጅማ ልጅ ባዕድ ነው ይላሉ። ግጥሙን ሳይረዱ አብሮ መጮህ ማስመሰል ነው ይላሉ። ጥርት ያለ የስቱዲዮ ሥራ እያለ በጫጫታ የተሞላ የመድረክ ቅጂ መምረጥን፣ እሱንም በስክሪን አይቶ «ላይቭ» ማለትን ይሳለቁበታል። ባንዶቹ ግማሾቹ ሞተዋል፣ የቀሩት ናፍቆት እየቸረቸሩ ነው ይላሉ። ሮክ የዕፅና የሞት ታሪክ ነው ይላሉ። በመጨረሻ የሚያመጡት ክስ ከሁሉም ይከብዳል፤ ይህ ፍቅር ለአገር ሙዚቃ የሚገባውን ጆሮና ብር እየቀማ ነው የሚል ነው። ጽሑፉ የሚዘጋውም ስክሪኑን አጥፍተን ክራር እንድንማር በመምከር ነው።

ባዕድነቱን ለማስረዳት ጸሐፊው ሌላ ከተማ ቢመርጡ ይሻላቸው ነበር። ሙላቱ አስታጥቄ በ1936 ዓ.ም. የተወለዱት ጅማ ነው። ምህንድስና እንዲማሩ ወደ ዌልስ ተልከው ሙዚቃ ይዟቸው ቀረ፤ ለንደን ተማሩ፣ ከዚያ ቦስተን ያለው በርክሊ ገቡ። ከቫይብራፎን፣ ከኤሌክትሪክ ፒያኖና ከዋዋ ፔዳል ጋር የኛን ቅኝቶች አጋብተው ያወጡትን ኢትዮ ጃዝ ዛሬ ለእንግዳ ሁሉ «የኛ ነው» እያልን እናስደምጣለን። ቫይብራፎኑ ከአባ ጅፋር ግቢ ተቆፍሮ የወጣ አይመስለኝም።

ወደ ኋላ እንመለስ ቢባልም ነገሩ ያው ነው። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ኢየሩሳሌም ያገኟቸውን 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ነፋሽ መሣሪያ እንዲጫወቱ ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የመጀመሪያውን ብሔራዊ መዝሙራችንን ዜማ ደረሱ። ከዚያ ወዲህ በክብር ዘበኛ፣ በፖሊስ፣ በጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ስንት ሳክስፎንና ትራምፔት ተነፋ! ዛሬ የጥላሁን ገሠሠን ዘፈን ሳክስፎን ስላለበት የፈረንጅ ነው የሚል ሰው አላጋጠመኝም። አንድ መሣሪያ የኛ ለመባል ስንት ዓመት ደጅ መጥናት እንዳለበት ጸሐፊው ቢነግሩን ለጊታሩም እንቆጥርለት ነበር።

«የፈረንጅ» የሚለው ቃል ራሱ አይጸናም። ሮክ የወጣው ከብሉዝ ነው። ብሉዝን የፈጠሩት ደግሞ በባርነት ተግዘው አሜሪካ የደረሱ አፍሪካውያን ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። ሮሊንግ ስቶንስ ስማቸውን የወሰዱት ከጥቁሩ የብሉዝ ዘፋኝ ከመዲ ዋተርስ ዘፈን ነው፤ የቸክ ቤሪን አጨዋወት ያልቀዳ የዚያ ዘመን ጊታሪስት ደግሞ ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። የእንግሊዝ ልጆች የጥቁሮችን ሙዚቃ ሰምተው ሲያብዱ ማንነታቸውን ካልረሱ፣ የጅማ ልጅ መልሶ ሲሰማው የሚረሳበት ምክንያት አይታየኝም።

የቅኝቱ ነገር ብዙ ጊዜ ስለማይነሳ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። የሮክ ጊታር ሶሎ በአብዛኛው የሚመላለሰው በአምስት ኖታዎች ላይ ነው፤ ማይነር ፔንታቶኒክ ይሉታል። የኛ የሙዚቃ መምህራን ባቲ ማይነር ብለው የሚያስተምሩት ቅኝት እነዚሁ አምስት ኖታዎች፣ በዚሁ ርቀት የተቀመጡ ናቸው። አጨዋወቱ ይለያል፣ ጌጡ ይለያል፣ ዜማው የሚያርፍበትም ቦታ ይለያል፤ አልክድም። ቢሆንም በባቲ ያደገ ጆሮ የሌድ ዜፕሊኑን ጊታሪስት የጂሚ ፔጅን ሶሎ ሲሰማ ግር አይለውም። እዚያ ካፌ ውስጥ አንዱ ልጅ ሶሎውን በጊታር እያወጣ ሳለ ሌላው ሳያስበው የባቲ እንጉርጉሮ ሲጨምርበት ሰምቻለሁ፤ ሁለቱም አልተጋጩም።

በዚህ ነጥብ ጸሐፊው ያላነሱትን፣ ቢያነሱት ግን ክርክራቸውን ያጠነክርላቸው የነበረውን ነገር እኔው ላንሳላቸው። ሮክና ኢትዮጵያ በዓለም ፊት በትልቁ የተገናኙት በረሃብ ምክንያት ነው። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ለንደን ዌምብሌይ ስታዲየምና ፊላደልፊያ ላይ በአንድ ቀን የተካሄደው ላይቭ ኤይድ ለ77ቱ ረሃብ ተጎጂዎች ገንዘብ ለማሰባሰብ የተዘጋጀ ነበር። ከእሱ በፊት በእነ ቦብ ጌልዶፍ ጠሪነት የተሠራው የገና ዘፈን፣ ከብዙ የአውሮፓ አገሮች ቀድማ ክርስትናን የተቀበለችን አገር ሕዝብ «ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን?» ብሎ ይጠይቃል። ያናድዳል፤ እኔንም እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ግን በአንድ ዘፈን ግጥም መናደድ ሌላ ነው፣ ሙዚቃውን በሙሉ ከደጅ መመለስ ሌላ።

ሁለተኛው ክስ «ሳይገባቸው ይጮኻሉ» የሚለው ነው። ጅማ ላይ ተቀምጦ ይህን መጻፍ ድፍረት ይጠይቃል። ኦሮምኛ፣ አማርኛ፣ ዳውሮኛ፣ ከፍኛ በአንድ መርካቶ የሚሰማባት ከተማ ናት። ኦሮምኛ የማይናገር ሰው በዓሊ ቢራ ዘፈን ዓይኑን ጨፍኖ ሲወዛወዝ ማንም አስመሳይ አይለውም። አንድ የዐረብኛ ቃል የማያውቅ ሰው በሠርግ ቤት የሱዳን ዘፈን ሲከፈት ከወንበሩ ይነሳል። ለሮክ ሲሆን ብቻ የቋንቋ ፈተና የሚቀርበው ለምንድን ነው?

እዚያው ላይቭ ኤይድ ላይ ኩዊን መድረኩን የያዘው ለ20 ደቂቃ ያህል ነው። መሃል ላይ ፍሬዲ መርኩሪ ባንዱን ዝም አሰኝቶ ምንም ትርጉም የሌለው ድምፅ ማውጣት ጀመረ፤ ስታዲየሙን የሞላው 70 ሺህ ያህል ሕዝብ ድምፁን እየተከተለ መለሰለት። እያረዘመ ሲሄድ አረዘሙ፣ ሲያጥፈው አጠፉ። እንግሊዝኛ የሚችለውም የማይችለውም እኩል ነበር። አውጪና ተቀባይ ማለት ይኸው ነው። መንዙማ በሚታወቅባት ጅማ ይህን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም፤ ይዘታቸውን ማወዳደሬ አይደለም፣ የማወራው አንድ ሰው አውጥቶ ብዙ ሰው ሲቀበል ስለሚፈጠረው ነገር ነው።

አንድ ነገር ግን ልስጣቸው። የፒንክ ፍሎይድን ፕሪዝም ያለበት ቲሸርት ከሰልባጅ ገዝቶ፣ «የትኛው አልበም ነው?» ሲባል የልብስ ብራንድ የሚመስለው አለ። አለ፤ እናውቀዋለን። ለእሱ ልከራከር አልመጣሁም።

ስለ ስቱዲዮና ስለ መድረክ የጻፉት ክፍል ከሁሉ የተሻለው ነው፤ ረዘም ያለ መልስ ይገባዋል። በእርግጥ ስቱዲዮ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ቢትልስ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1966 ሳን ፍራንሲስኮ ከተጫወቱ በኋላ የኮንሰርት ጉዟቸውን ያቆሙት ከሕዝቡ ጩኸት የተነሳ የራሳቸውን ድምፅ እንኳ መስማት ስለተቸገሩ ጭምር ነው፤ ከዚያ በኋላ ስቱዲዮ ገብተው የሠሩት በመድረክ የሚሞከር አልነበረም። ጸሐፊው ይህን ቢጠቅሱ አልከራከራቸውም ነበር። ግን ታሪኩ እዚያ አላለቀም። እነዚያው ሰዎች ከሦስት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. ጥር 30 ቀን 1969፣ በለንደን ብርድ የቢሯቸው ጣሪያ ላይ ወጥተው 42 ደቂቃ ያህል ተጫወቱ። ፖሊስ እስኪመጣ። ስቱዲዮ ሁሉን የሚያሟላ ቢሆን ጣሪያ ላይ ምን አወጣቸው?

ዲፕ ፐርፕል እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1972 ኦሳካና ቶኪዮ ላይ በሦስት ምሽት የተቀዳውን ኮንሰርት አልበም አድርገው አወጡ። «ስፔስ ትራኪን» የሚባለው ዘፈን በስቱዲዮ 4 ደቂቃ ተኩል ያህል ነው፤ ጃፓን ላይ ወደ 20 ደቂቃ ይጠጋል። ዘፈኑ አልተጎተተም። ጆን ሎርድ ኦርጋኑን ይዞ ከመንገዱ ይወጣል፣ ኢያን ፔይስ ከኋላ በድራም ይከተለዋል፣ ሌሎቹ እስኪመለሱ ይጠብቃሉ፤ ደግሞ ጊታሩ በተራው ይጠፋል። አዝማሪ ቤት ገብቶ ያውቃል የሚባል ሰው ይህን እንዴት እንደ እንግዳ ነገር ያየዋል? አዝማሪው ግጥም ሲቀበል፣ ሸላሚውን ሲያወድስ፣ ማሲንቆውን ይዞ ሲንከራተት ዘፈኑ በካሴት ካለው ርዝመት ምን አገናኘው? የዚያ ምሽት ዘፈን የዚያ ምሽት ነው። ተሳሳተ ብለን ሒሳብ አንቀንስበትም።

ለጅማ ደግሞ ከዚህ የሚቀርብ ምሳሌ አለ። ዘ ሁ የተባለው ባንድ በብዙዎች ዘንድ ከመድረክ ቅጂዎች ሁሉ አናት የሚቀመጠውን አልበሙን የቀዳው እ.ኤ.አ. የካቲት 14 ቀን 1970 ሊድስ ዩኒቨርሲቲ፣ የተማሪዎች መመገቢያ አዳራሽ ውስጥ ነው። በእኛው ቋንቋ ካፍቴሪያ። ስታዲየም የለ፣ ርችት የለ፤ ሽፋኑም ቢሆን በድብቅ የተባዛ ቅጂ መስሎ እንዲወጣ ተደርጎ ማኅተም የተመታበት ተራ ቡናማ ወረቀት ነበር። ተማሪ የሞላባት ከተማ የሚኖር ሰው ይህን ሰምቶ ልቡ ካልተነሳሳ ምን አደርገዋለሁ።

እውነት ነው፣ «ላይቭ» ተብለው ከተሸጡት ውስጥ በኋላ ስቱዲዮ ገብተው የተጠጋገኑ አሉ። በስክሪን ማየትም ላይቭ አይደለም፤ ካፌው ውስጥ መብራት ሲጠፋ የዜፕሊኑ ዘፋኝ ሮበርት ፕላንትም አብሮ ይጠፋል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፣ እንስቅበታለንም። የምናየው ሌላ ነገር ስላለ ነው። ፒንክ ፍሎይድ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1971 በጣሊያን ፖምፔይ ፍርስራሽ ውስጥ ያለ ታዳሚ የተቀረጸበትን ፊልም ጸሐፊው «የባዶ ሜዳ ኮንሰርት» ብለው ቀልደውበታል። ቀልዱ ጥሩ ነው። ግን ልጆቹ ያንን ፊልም የሚመላልሱት እጅ ስለሚያሳይ ነው። ድራመሩ ኒክ ሜሰን ዱላው ሲያመልጠው አዲስ አንስቶ ሲቀጥል፣ ጊታሪስቱ ጊልሞር ሜዳው ላይ ተቀምጦ ክሩን ሲያንሸራትት ይታያል። ጅማ ውስጥ ጊታር መማር የፈለገ ልጅ ዋናው አስተማሪው እንዲህ ያለ ፊልም ነው። ሙዚቃ በሰው እጅ፣ ሰው እያየ፣ ሊበላሽ እየቻለ የሚሠራ ሥራ መሆኑን የሚያይበት ሌላ ቦታ ብዙ አላገኘም። ወደዚህ ነገር መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ፤ ምክንያቱም ከጸሐፊው ጋር በእውነት የምንለያየው እዚያ ነው።

ናፍቆት ንግድ ሆኗል ለሚለው፣ አዎ፣ ሆኗል። ብሩስ ስፕሪንግስቲን እ.ኤ.አ. በ2022 ለጉብኝቱ ቲኬት ሲያስቆርጥ ዋጋው እንደ ፈላጊው ብዛት የሚንር ሆኖ አንዳንዱ ቲኬት እስከ 5 ሺህ ዶላር ደርሶ ነበር፤ የሠራተኛ ዘፋኝ የሚሉት አድናቂዎቹ አለቀሱ። ከመሥራቾቹ አንድም ሰው ሳይቀር ስሙን ብቻ ይዘው የሚዞሩ ባንዶችም አሉ። ይህን ለመከላከል አልሞክርም።

ጸሐፊው ለምሳሌነት የጠሩት ባንድ ግን አላዋጣቸውም። ሌድ ዜፕሊን ድራመራቸው ጆን ቦንሃም እ.ኤ.አ. በ1980 ሲሞት ሌላ ሰው ተክተው አልቀጠሉም፤ በዚያው ዓመት ባንዱን ዘጉ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 10 ቀን 2007 ከሙዚቃ አሳታሚው ከአትላንቲክ ሪከርድስ መሥራቾች አንዱ ለነበረው ለአህመት ኤርተገን መታሰቢያ ለንደን ላይ ለአንድ ምሽት ሲገናኙ፣ በአባቱ ወንበር ልጁ ጄሰን ቦንሃም ተቀመጠ። ወደ 20 ሺህ ሰው ለሚይዝ አዳራሽ 20 ሚሊዮን ያህል የቲኬት ጥያቄ ቀረበ። ናፍቆት ቸርቻሪ ቢሆኑ ኖሮ በማግስቱ ዓለምን ይዞሩ ነበር። አልዞሩም። ፕላንት ከዘፋኟ ከአሊሰን ክራውስ ጋር በሠራው አዲስ አልበም ሥራውን ቀጠለ፤ አልበሙም እ.ኤ.አ. በ2009 የዓመቱ ምርጥ ተብሎ ግራሚ ወሰደ። የአድናቂው ፍቅርም ሁሉ በገንዘብ የሚለካ አይደለም፤ ግሬትፉል ዴድ የተባለው የአሜሪካ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1984 ታዳሚው መቅረጫ ይዞ የሚቆምበትን ቦታ ሳይቀር ለይቶ ሰጥቷል፣ ካሴቱ ከእጅ ወደ እጅ ያለ ክፍያ እንዲዞር። ካሴት በማስገልበጥ ሙዚቃ ያወቀ የኛ ትውልድ ይህን ሲሰማ ዘመድ ያገኘ ይመስለዋል።

ስለ ዕፅና ሞት ብዙ አልልም፤ የሮክ ኮከቦቹ ሄንድሪክስና ጆፕሊን በ27 ዓመታቸው ሞተዋል፣ ቦንሃምን የገደለው መጠጥ ነው። ዘ ሁ ሊጫወት በነበረበት ምሽት፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 3 ቀን 1979፣ ሲንሲናቲ ላይ 11 ወጣቶች በር ላይ ተረጋግጠው አልቀዋል። ያን ያመጣው ግን የመቀመጫ ቁጥር የሌለው ቲኬት መሸጡና ለዚያ ሁሉ ሰው ጥቂት በር ብቻ መከፈቱ ነበር፤ ዘፈኑ አልረገጣቸውም። ደግሞስ ጅማ ላይ ስለ ዕፅ ሲወራ ጣት ወደ ጊታር መቀሰሩ ይገርማል። ከሰዓት በኋላ በየቤቱ የሚይዘው ምርቃና ለየትኛውም የሙዚቃ ዓይነት አያዳላም።

አሁን ወደ ትልቁ ክስ፤ የአገር ሙዚቃን ጎዳ ወደሚለው። እዚህ ላይ ጸሐፊው የሚያዝኑበት ነገር ልክ ነው፤ ተጠያቂ ያደረጉት ሰው ነው የተሳሳተው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባላል። ባንዶቻችን መዳከማቸው እውነት ነው። ዋሊያስ በሂልተን፣ አይቤክስ በራስ ሆቴል፣ በኋላም ሮሃ ድራም፣ ቤዝ፣ ጊታር፣ ኦርጋንና ነፋሽ ይዘው በሰው ፊት እየተጫወቱ ነው ስም ያወጡት። መሐሙድ አሕመድን ከአይቤክስ ጋር፣ ሰላም ሥዩም ጊታር ሲጫወት የሰማ ሰው ሮክ ወደዚህ አገር ሳይፈቀድለት ቀድሞ እንደገባ ያውቃል። ያንን ዘመን ማን አጠፋው? የደርግ ሰዓት እላፊ የማታውን ሥራ ገደለው። ሙዚቀኞች ተሰደዱ፤ ዋሊያስ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ለጉብኝት ሲሄድ ኃይሉ መርጊያን ጨምሮ ከባንዱ አባላት እዚያው የቀሩ አሉ። ከዚያ ኪቦርድ መጣ፤ አንድ ሰው በሁለት እጁ ድራሙንም ቤዙንም ሳክስፎኑንም የሚያወጣበት። ለደጋሽ ርካሽ ነው፣ ለአሳታሚም ርካሽ ነው። ቀጥሎ ፍላሽና ፕሌይባክ መጡ፤ ዘፋኙ መድረክ ላይ ማይክ ይዞ አፉን የሚያንቀሳቅስበት። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ የዜፕሊን አድናቂ የት ቦታ ላይ ነው የተገኘው?

ጅማ ውስጥ የሚደገሱ ሠርጎችን እናንሳ። አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ዘፋኝ፣ ጆሮ የሚበጥሱ ሁለት ስፒከሮች። ድራመር ይጨመር ቢባል መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «ስንት ያስከፍላል?» ነው፤ ቀጥሎ «ኪቦርዱ ላይ የለም እንዴ?» ይመጣል። ይህን ጥያቄ የሚጠይቁት ሮክ ሰምተው የማያውቁ፣ የአገራቸውን ሙዚቃ ከልብ የሚወዱ ሰዎች ናቸው። እዚያ ካፌ የሚሰበሰቡት ልጆች ግን ከተማው ውስጥ «ድራመሩ ማን ነው?» ብለው የሚጠይቁ ጥቂት ሰዎች ሆነዋል። ዘፋኙ አፉን ብቻ ሲያንቀሳቅስ የሚያውቁበት፣ የሚያጉረመርሙትም እነሱ ናቸው። የጊታር ክር ሲበጠስባቸው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ እስኪመጣ የሚጠብቁ፣ በአምስት ክር የሚለማመዱ ናቸው። ጃኖ ባንድ የአማርኛ ግጥም በከባድ ጊታር ይዞ በ2012 እ.ኤ.አ. ከፕሮዲዩሰር ቢል ላዝዌል ጋር «ኤርታሌ» የተባለውን አልበም ሲያወጣ ተሯሩጦ ያዳመጠው የትኛው ጆሮ ነበር? ከሮክ የተማረው ጆሮ አይደለም?

ለጸሐፊው የምቀበላቸው ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ልጆቹ ስለ ሮሃና ስለ አይቤክስ ከሚያውቁት ይልቅ ስለ ዲፕ ፐርፕል የሚያውቁት ይበልጣል። ያሳፍራል። ግማሹ ምክንያት ግን የዲፕ ፐርፕልን ኮንሰርት በየትኛውም ስልክ ማየት ሲቻል፣ የነዚያን የኛ ባንዶች ምሽት የቀረጸ ፊልም ፈልጎ ማግኘት አድካሚ መሆኑ ነው። ጸሐፊው በሰፊው የሚነበብ ብዕር አላቸው። በየቤቱ ቁም ሳጥን የተቆለፈ የቪዲዮ ካሴት ያለው ሰው እንዲያወጣው ቢጽፉበት ካፌው ውስጥ ስክሪኑን እኔ እይዝላቸዋለሁ።

ክራር ተማሩ ለሚለው ምክር ደግሞ፣ ከቅዳሜ ታዳሚዎች አንዱ ክራር ይጫወታል። ማንሻ ማይክ ገጥሞለት በዲስቶርሽን ፔዳል በኩል ወደ አምፕ አስገብቶታል፤ ባቲ ሲጫወትበት መስታወቱ ይንቀጠቀጣል። ስለ እሱም ጽሑፍ እንደሚመጣብን እየጠበቅን ነው።